ከጎንደር ተነሥቶ በላውንጅ የሚያልፍ መንገደኛ ምን ይብላ፣ ምን ይጠጣ፣ በምንስ ይጠቀም?

ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩላቸው አንዲት የአዘዞ እናት የቢዝነስ ክላስ ትኬት ተልኮላቸው ሲሄዱ፣ ቦሌ ላይ አንዲት ሠራተኛ አጅባ ላውንጅ በሚባለው፣ መንገደኞች በረራቸውን እስኪደርስ በሚያርፉበት ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እርሳቸውም አራት ሰዓት ሙሉ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ሳይነሡ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆሎ እያወጡ ሲቆረጥሙ ቆዩ። እንጀራውም፣ ወጡም፣ ቡናውም ከፊታቸው ነበር። ሲመለሱ ለምን እንዳልቀመሱ ብጠይቃቸው «ዋጋውን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ፤ ደግሞስ ሳይጠሩት ድግስ ላይ እጁን የሚዘረጋ ማን አለ?» አሉኝ።

ፒያሳ አካባቢ የአውሮፕላን ትኬት በመቁረጥ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደ እርሳቸው ያሉ ብዙ መንገደኞችን ሸኝቻለሁ። ሻንጣው ስንት ኪሎ መሆን እንዳለበት፣ በርበሬው እንዴት መታሸግ እንዳለበት የሚመክራቸው ሰው ሞልቷል፤ ላውንጅ ከገቡ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚችሉ የሚነግራቸው ግን እምብዛም የለም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር በላውንጅ ውስጥ የቀረበው ምግብና መጠጥ፣ ሻወሩም ዋይፋዩም፣ ከትኬቱ ጋር ወይም በአባልነት ካርዱ አማካይነት ተከፍሎ ያለቀ መሆኑ ነው። በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቦርዲንግ ፓስዎን አይታ ካስገባችዎ በኋላ ሒሳብ የሚጠይቅዎ አይኖርም። በአንዳንድ አገሮች ውድ የሆኑ የወይን ጠጆችና ማሳጅ ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል፤ እነዚህ ግን ዋጋቸው ተጽፎ በዝርዝር ይቀርባሉ እንጂ ከቡፌው ጋር ተደባልቀው አይገኙም። ከተጠራጠሩ «ይህ የሚከፈልበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጉርሻም በአብዛኛው አይጠበቅም፤ በአሜሪካ ላውንጆች ግን መጠጥ ለሚቀዳው ሰው አንድ ሁለት ዶላር መተው የተለመደ ነው።

በእኛ አነጋገር «አንደኛ ማዕረግ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቢዝነስ ክላስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያለው ኢኮኖሚና «ክላውድ ናይን» የሚባለው ቢዝነስ ክላስ ብቻ ሲሆን፣ እንደ ኤምሬትስና ሉፍታንዛ ያሉት ደግሞ ከቢዝነስ በላይ የሆነ እውነተኛ አንደኛ ማዕረግ አላቸው። ላውንጁም እንደዚሁ የተለየ በር አለው፤ ስለዚህ ቢዝነስ ትኬት ይዞ «ፈርስት» የሚል በር ላይ የተመለሰ መንገደኛ ተናቅሁ ብሎ ማዘን የለበትም፤ የእርሱ በር ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር አባል ስለሆነ፣ የአየር መንገዱ የደንበኞች አባልነት የሆነው የሸባ ማይልስ ወርቅ ወይም ፕላቲነም ካርድ ያለው ሰው በኢኮኖሚ ቢሄድ እንኳ የማኅበሩን ላውንጆች መጠቀም ይችላል፤ አብሮት የሚጓዝ አንድ እንግዳም ያስገባል። የሚያስገርመው ነገር፣ በቢዝነስ ትኬት ብቻ የሚገባ መንገደኛ እንግዳ የማስገባት መብት የለውም። ባልና ሚስት አንዱ በቢዝነስ፣ አንዱ በኢኮኖሚ ሆነው ሲሄዱ በር ላይ የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነውና ትኬት ሲቆርጡ ቢያስቡበት ይበጃል።

ከምግቡ በፊት የሰዓቱ ነገር መስተካከል አለበት። ትኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠርና በ24 ሰዓት ስለሆነ፣ «ረቡዕ 00፡30» ማለት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን በደንብ ያላየ መንገደኛ ረቡዕን ውሎ ማታ ቦሌ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ግን ትናንት ማታ ሄዷል። ከአዘዞው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ነገር ግን በክረምት ደመናው ሲከብድ ስለሚዘገይ፣ ለሌሊት በረራ የከሰዓቱን የመጨረሻ በረራ ከመጠበቅ ቀደም ያለውን ይምረጡ። ቦሌ ላይ ከአገር ውስጥ ተርሚናል ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል መሻገር፣ ኢሚግሬሽንና ፍተሻ ማለፍ አለ፤ ላውንጆቹ ያሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በምሽት፣ ወደ አፍሪካ አገሮች የሚሄዱት ደግሞ በጠዋት ተከታትለው ስለሚነሡ፣ የቦሌ ላውንጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ጠዋት ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይጨናነቃል። ጥሩ ወንበር የሚገኘው ከዚህ ቀድሞ ለገባ ነው። የአውሮፕላኑ በር ከመነሻው ሰዓት 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ መንገዱን ሲጨምሩበት ከላውንጁ አንድ ሰዓት ቀድሞ መነሣት ይገባል። በዚህ ስሌት ለላውንጅ የቀረዎት ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ፣ ውኃ ጠጥተው በቀጥታ ወደ በሩ ይሂዱ፤ ተቻኩሎ የተጎረሰ ምግብ መንገድ ላይ ሲያስቸግር ይውላል።

እንደ ገቡ ሰሐን አያንሡ። መጀመሪያ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደው ሻወር ይጠይቁ፤ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ስም ይመዘገባል፤ ተራዎ እስኪደርስ ድረስ መብላት ይችላሉ፤ በተቃራኒው ግን አይሆንም፤ በልተው ሲጨርሱ ከፊትዎ ስምንት ሰው ሊቆይዎት ይችላል። ፎጣና ሳሙና ከዚያው ይሰጣል፤ ከራስዎ የሚያስፈልገው የሚቀየር የውስጥ ልብስና ካልሲ ነው፤ እነዚህን በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ውኃ በፈረቃ ለምንጠብቅ የጎንደር ሰዎች፣ ሙቅ ውኃ ሳይቋረጥ ሲወርድ ማየት ራሱ የጉዞው አንድ ክፍል ነው፤ ሆኖም በር ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ስላለ 20 ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ ምግቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላውንጁንም አውሮፕላኑንም እኩል ሊመገብባቸው ሲሞክር ነው። እኔ የምመክረው የሚቀጥለውን በረራ ሰዓት አይቶ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የሚነሣ በረራ ከሆነ እራትዎን ላውንጅ ውስጥ በደንብ ይብሉ፤ አውሮፕላን ውስጥ ሲገቡ አስተናጋጇ እራት ሲመጣ እንዳትቀሰቅስዎ ነግረው፣ ወንበርዎን አስተኝተው ይተኙ። ይህን ያደረገ ሰው የእራቱን አገልግሎት ከሚጠብቀው ይልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንቅልፍ ያተርፋል። የቀን በረራ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢዝነስ ክላስ ላይ ምግቡ በተነጠፈ ጠረጴዛ ላይ በየተራ ስለሚቀርብ፣ ላውንጅ ውስጥ ከፍራፍሬና ከአንድ ዳቦ በላይ መውሰድ እዚያ የሚጠብቅዎትን ማበላሸት ነው።

ስለ ጣዕምም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ በመሆኑና ግፊቱም ዝቅ ስለሚል፣ ምላስና አፍንጫ ጨውንና ጣፋጭን የሚለዩት ከመሬት ላይ ባነሰ ኃይል ነው። ቀለል ያለ፣ ጨው ያልበዛበት ምግብ መሬት ላይ ሳሉ ይጥምዎታል፤ ሰማይ ላይ ግን አልጫ ይሆንብዎታል። ስለዚህ ሾርባ፣ ሰላጣና ዓሣ ላውንጅ ውስጥ ይብሉ፤ ቅመም የበዛበትንና ቲማቲም ያለበትን ለአውሮፕላኑ ይተዉት።

ጾመኛ ለሆነ የጎንደር ክርስቲያን ደግሞ ጉዳዩ ሰፋ ያለ ነው። ቦሌ ላይ ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የሚያልፍ ሰው የሚረዳው ሠራተኛ አያጣም፤ «የጾም የቱ ነው?» ቢሉ ይበቃል። ከአገር ከወጡ በኋላ ግን «ቬጀቴሪያን» የሚለው ጽሑፍ እንዳያታልልዎ ይጠንቀቁ፤ ቬጀቴሪያን ማለት ሥጋ የሌለው ማለት ብቻ ነውና ወተት፣ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ለእኛ ጾም የሚቀርበው ቃል «ቪጋን» ነው፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለበት ማለት ነው። በዓይን ጾም የሚመስሉ ሆነው የማይጾሙባቸው ምግቦችም አሉ፤ ወፈር ያለ የአትክልት ሾርባ ብዙውን ጊዜ ክሬም አለበት፤ ክሮሳን በቅቤ የተሠራ ነው፤ ላዩ የሚያብረቀርቅ ዳቦ እንቁላል ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ የሰላጣ ማባያ በአብዛኛው ማዮኔዝ ነው፤ ሩዙም በቅቤ ሊቀቀል ይችላል። በዱባይ፣ በዶሃና በኢስታንቡል ላውንጆች ግን ጾመኛ አይራብም፤ ሁሙስ፣ ፉል፣ ፈላፍል፣ ታቡሌና የወይራ ፍሬ ከቡፌው አይጠፉም። ሁሙስ ሽምብራ ከተፈጨ ሰሊጥ ጋር የሚሠራ ነውና፣ ማን ያውቃል፣ ሰሊጡ ከመተማ የሄደ ሊሆንም ይችላል።

ለአውሮፕላኑ ምግብ ግን ከ24 ሰዓት በላይ ቀድሞ «ቪ ጂ ኤም ኤል» የሚባለውን የቪጋን ምግብ ኮድ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ትኬት የቆረጠልዎት ሰው በአንድ ደቂቃ የሚያስገባው ነገር ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም መንገደኛም ላውንጁን በተገላቢጦሽ መጠቀም ይችላል፤ ቡፌው ቀኑን ሙሉ ስለማይነሣ የሚጾምበትን ሰዓት በሻወርና በእንቅልፍ አሳልፎ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መብላት ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ የየት አገር 9 ሰዓት ነው የሚለው ነው፤ እርሱን ለነፍስ አባትዎ እተዋለሁ።

ሙስሊም መንገደኞች በዶሃና በዱባይ ስለ ሐላል ምግብ መጨነቅ የለባቸውም፤ የአልኮል መጠጥ ግን በእነዚያም ላውንጆች ይቀርባል፤ በአውሮፓ ሲሆን የሥጋውን ነገር ጠይቆ መብላት፣ መልስ ካልተገኘም ወደ ዓሣና አትክልት ማዘንበል ይሻላል። የመስገጃ ክፍል የት እንዳለ ሲገቡ ይጠይቁ፤ ላውንጁ ውስጥ ባይኖር ተርሚናሉ ውስጥ አይጠፋም።

በቦሌው የክላውድ ናይን ላውንጅ ቡና በጀበና ይፈላል። ረከቦቱ ተደርድሮ፣ ሲኒው ተደፍቶ፣ ልጅቱ ከበርጩማዋ ላይ ሆና ስትቀዳ የውጭ መንገደኞች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሣሉ። የጎንደር ሰው የሚቸገረው በሌላ ነው፤ አቦሉን ጠጥቶ ተነሥቶ መሄድ ያሳፍረዋል፤ ቶናውንና በረካውን ልጠብቅ ሲል ደግሞ ሰዓቱ ይሄድበታል። እዚያ ግን ቡናው እንደ ሠፈር ቡና ሰው ተቆጥሮ የሚፈላ አይደለም፤ አንድ ሲኒ ጠጥቶ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ መነሣት ማንንም አያስቀይምም። ዳሩ ግን ቡና ከተጠጣ ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህል ኃይሉ በሰውነት ውስጥ ይቆያልና፣ የሌሊት በረራ ያለው ሰው ቡናውን ከሻወሩ በፊት ጠጥቶ ቢጨርስ ይመረጣል።

ወደ መጠጡ ስንመጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ለባሕር ዳርቻ ሰዎች የተጻፈ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቦሌ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እንደ 787 ድሪምላይነርና ኤ350 ባሉ አውሮፕላኖች ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ ይህ ማለት የጎንደር ሰው በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ ከቤቱ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ከፍታው ራሱ አያስቸግረንም፤ የሚያስቸግረን ድርቀቱ ነው። ላውንጅ ውስጥ ሳሉ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ፤ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፍተሻ አሳልፈው እዚያ መሙላትም ይችላሉ፤ አንዳንድ በሮች ላይ ሁለተኛ ፍተሻ ስለሚኖር ግን ውኃው ሊወሰድ እንደሚችል ይወቁ። ቢራና ወይን የሚወድ ሰው አንድ ብርጭቆ ከምግቡ ጋር ቢጠጣ ችግር የለውም። ጠጥቶ አውሮፕላን ውስጥ መተኛት ግን በእንቅልፍ ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል፤ በተለይ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን «በነጻ ነው» ተብለው ቢጋበዙ እንኳ ቢተዉት ይሻላል።

ብዙ ላውንጆች ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ጥሪ የለም። ይህንን የተማርኩት በአንድ የአውሮፓ ከተማ ነው። እንደ አውቶቡስ ተራ «የእገሌ ከተማ» ብለው ይጠሩኛል ብዬ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ተመቻችቼ ጋዜጣ ሳገላብጥ፣ የበሩ ቁጥር ተቀይሮ ኖሯል። ስደርስ አውሮፕላኑ በመስተዋቱ በኩል ቆሞ ይታየኛል፤ በሩ ግን ተዘግቷል። የሚቀጥለውን በረራ ለማግኘት ሌሊቱን እዚያው አደርኩ፤ ያ ለስላሳ ወንበር ያለበት ላውንጅም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ተዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ የስልኬን ማንቂያ ሁለት ጊዜ እሞላለሁ፤ አንዱ የበረራ ሰሌዳውን እንዳይ፣ ሌላው እንድነሣ። ስልክ የሌላቸው ወይም የማያነቡ እናትና አባት የሚጓዙ ከሆነ ደግሞ ትኬቱ ሲቆረጥ የአጃቢ አገልግሎት ይጠየቅላቸው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኛ መጥቶ ከወንበራቸው ያነሣቸዋል።

ቻርጀርም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ እግር ያለውን ሲቀበል፣ የዱባይና የዶሃ ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን ነው። መቀየሪያ ባይኖርዎት እንግዳ መቀበያው ላይ ያበድሩዎታል፤ መመለስዎን አይርሱ።

እውነተኛው የአንደኛ ማዕረግ ላውንጅ በአሠራሩ የተለየ ነው። ቡፌ ዋነኛው ነገር አይደለም፤ እንደ ጥሩ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ይይዛሉ፣ ሜኑ ይመጣል፣ ያዘዙት ተሠርቶ ይቀርባል። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባዎት ነገር ከዝርዝሩ ውጭ መጠየቅም የሚፈቀድ መሆኑን ነው፤ ግማሽ ሰሐን፣ ቅቤ ያልገባበት፣ ሁለት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ቢሉ በደስታ ይሠሩልዎታል። ምን ያህል ጊዜ እንዳለዎትም አስቀድመው ይንገሩ። በክብር የሚቀርበው ካቪያር የዓሣ እንቁላል ነው፤ በእኔ ምላስ ጨው ከመሆን አላለፈም፤ ይቅመሱትና ይፍረዱ።

ዱባይ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የተርሚናል 3 የ«ኤ» ክንፍ የኤምሬትስ የአንደኛ ማዕረግ ላውንጅ አንድ ሙሉ ፎቅ የያዘ ሲሆን፣ ከዚያው ፎቅ በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ መግባት ይቻላል። ዶሃ ላይ የኳታር አየር መንገድ አንደኛ ማዕረግ ላውንጅ አል ሳፍዋ ይባላል፤ የቢዝነሱ አል ሙርጃን ነውና ስሞቹን አያምታቱ። ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ሉፍታንዛ በ2004 እ.ኤ.አ. ለብቻው የቆመ የአንደኛ ማዕረግ ሕንፃ ከፍቷል፤ ፓስፖርትና ፍተሻው እዚያው ይጠናቀቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ መንገደኛው በመኪና እስከ አውሮፕላኑ ሥር ይወሰዳል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ያለባቸው ክፍሎች አሉ፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ የጎማ ዳክዬም መንገደኞች ለመታሰቢያ ይዘዋት ይሄዳሉ። ጎንደር ላይ መታጠቢያ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን የፋሲለደስ ነውና፣ የዳክዬዋ ነገር ለእኔ እስከ ዛሬ እንግዳ ነው።

ከላውንጅ ምግብ በከረጢት ሞልቶ መውጣት አይፈቀድም። ለመንገድ ብለው የያዙት አንድ ሙዝ አያጣላዎትም፤ ወደ አሜሪካ ከሆነ ግን ከመውረድዎ በፊት ይብሉት፤ ሳያስመዘግቡ ፍራፍሬ ይዞ መግባት ቅጣት አለው።

በመልሱ ጉዞ የሚቀየር አንድ ነገር አለ። ከቦሌ ሲነሡ ሽሮም ባቄላም ቢበሉ በከፍታው የተነሣ ሆድዎ አይነፋም፤ የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ከቦሌው ብዙም አይለይምና። ከዱባይ ወይም ከዶሃ ሲነሡ ግን ከባሕር ወለል ተነሥተው ወደ 1,800 ሜትር ስለሚወጡ፣ በሆድ ውስጥ ያለ አየር በሩብ ያህል ይሰፋል። እዚያ ላይ ሁሙሱን፣ ፉሉንና ጋዝ ያለበትን ለስላሳ ቀነስ፣ ሩዙንና ዳቦውን ጨመር ያድርጉ። ቦሌ ከደረሱ በኋላ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ተሻግረው የጎንደሩን በረራ ሲጠብቁም ውኃና አንድ ማኪያቶ ይበቃዎታል፤ አዘዞ ላይ የሚቀበሉዎት ሰዎች ምሳ ሠርተው ስለሚጠብቁ ጠግበው አይሂዱባቸው።